በቀኝ በኩል ያፈሳል

ሦስተኛ ቅዳሜያችን ነው ለመኪና ስንዞር፣
ከማራኪ አዘዞ፣ ካዘዞ ፒያሳ፣ ባጃጅ ላይ ስንኖር።
ባሌ ሞተር ያዳምጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፤
የኔ ሜትር ባንገቴ ተንጠልጥሏል፣ ማተቤን ተጠግቶ።
ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?
መኪናም ልብስ ነው ብዬ፣ አምስት ሰው ለክቼ መጥቻለሁ።

በየመስከረሙ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ከከተማ ከተማ፣
ከዳባት ደባርቅ፣ ከማክሰኝት ቆላ ድባ፣ በጭቃ፣ በጨለማ፤
ለአልጋ የምንከፍለው ያመቱን ትርፍ እየላሰ፣
ባንድ ፍራሽ ሦስት ልጅ፣ ትርንጎ እየሳቀች፣ ስማቸው እያለቀሰ።
«በቃ» አልን ባንዱ ሌሊት፣ «ቤታችን ጎማ ያውጣ።»
ደላላው ፈንታሁን ሰማ። ከየት ሰማ? እንጃ፤ ካልጋው ሥር ይሆን የወጣ?

የመጀመሪያው አባዱላ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ፤
ጣቴን ባስነካው፣ ጣቴ እንደ ሙሽራ ደመቀ።
«እንደ አዲስ ነው!» ባሌ ማግኔት አወጣ፣ በሩ ላይ ለጠፈ፤
ማግኔቱ ጫማው ላይ ወደቀ። ከብረቱ ይልቅ ስቱኮው ነው የተረፈ።

ሁለተኛው የአምቡላንስ ጡረተኛ፤ አልጋው ጠባብ፣ ረጅም፤
«ለስንቱ የመጨረሻ አልጋ ነበር?» አልኩና እግሬን አላስገባሁም።
ስማቸው ግን ገብቶ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ነካ፤
ያዘዞ ውሻ በሙሉ ጮኸ። ሳይረኑ ይሠራል ለካ!

ሦስተኛው ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ሣር እስከ ጎማው ወጥቶበት፣
ኮስተር፣ ወንበሩ የተነቀለ፣ የመንገድ ሠራተኛ አሥራ አንድ ዓመት ያደረበት።
ጥግ ላይ የጋዝ ምድጃ፤ የመስኮቱ መጋረጃ የስንዴ ጆንያ፤
ግድግዳው ላይ በስክሪብቶ፦ «ዛሬ ሁለት ኪሎ ሜትር። አለቃችን አህያ»።

ባለቤቱ አቶ ጫኔ፣ ሾፌር፣ አጭር፣ ጥርሱ የጎደለ፣
ፈንታሁን ሲያወራ ዝም፣ ሲያወራ ዝም፤ ኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ አለ፦
«ልንገርሽ እህቴ፤ በቀኝ በኩል ያፈሳል፣
ከሦስተኛው መስኮት በላይ። ደፍኜው ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ያስታውሳል።
ሁለተኛ ማርሹ ይነክሳል፣ ሲሞቅ ግን ይታዘዛል፤
ሊማሊሞ ላይ ያቃስታል። አትዘኚለት፤ ያቃስታል እንጂ ይደርሳል።»

ፈንታሁን እግሩን መሬት ላይ ፈጠፈጠ፤
«ሰውዬ፣ ልትሸጥ ነው ንስሐ ልትገባ?» ብሎ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

እኔ ሜትሬን ፈታሁ። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ደግሜ ለካሁ።
«ጫማ ይውለቅ!» አልኩ። አምስታችን ወለሉ ላይ ተዘረርን፤
ባሌ፣ ስማቸው፣ ሙጨ፣ ትርንጎ፣ እኔ፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተደረደርን።
ሲንጀሩ ከኋላ ይገባል፤ ከግርጌ አንድ ስንዝር ይተርፋል፤
ስንዝሩ ለስማቸው ነው፤ ዩኒፎርምም ሲሰፋ ለዕድገት እጥፋት ይተዋል።
ጣሪያው ላይ፣ በቀኝ፣ ውሃ የሳለው ካርታ አለ፤
ሙጨ ጣቱን ቀስሮ «ጣና!» አለ። ማን ይከራከረዋል? የቀበሌውም ካርታ ከዚህ አልተሻለ።

ዋጋው ላይ እስከ ቀትር «ጨምሩ»፣ «ቀንስ» ተባባልን፤
አምስት ሺህ ቀነሰና፣ የጆንያ መጋረጃውን ግን አልሰጥም አለን።
ቁልፉን ሰጥቶኝ፣ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ ቆየ፤
ምን እንዳለው አልሰማሁም። ከዚያ በእግሩ ሄደ፤ ዞሮም አላየ።

ዛሬ ማታ ግቢያችን ቆሟል፤ ቤት እያለን እሱ ውስጥ ተኝተናል፤
የነሐሴ ዝናብ ከጎሃ ጋራ ወርዶ ጣሪያውን ይደበድባል።
ትርንጎ ጣሳ ደቅና ከሦስተኛው መስኮት ሥር ቁጭ ብላለች፤
«እስካሁን አላፈሰሰም፤ ሰውየው ዋሸን እንዴ?» ትላለች።
ባሌ ያንኮራፋል።
ዝናብ።
ከዚያ፦
          ጠብ።
እዚያው፣ ጫኔ በጣቱ ያሳየኝ ቦታ፣ አንድ ጣት ሳይዛነፍ።
ሜትሬን ጠቅልዬ ትራሴ ሥር ከተትኩ። ለክቼ ጨረስኩ፤ ልረፍ።